አልጋ ላይ የሞተ ሰው ቃል

ባለቤቴ የሞቱት በገዛ አልጋቸው ላይ ነው። ይህን አስቀድሜ መጻፌ ሌላው ሁሉ ከዚህ ስለሚነሣ ነው። ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ሐኪሙ ጥቂት ቀን ይቆዩ ቢልም እሳቸው እጄን ይዘው፣ «ከአልጋዬ አድርሽኝ፤ ሌላ የምለምንሽ የለኝም» አሉኝ። አደረስኳቸው። እንጅባራ ከቤታችን ገብተን ጫማቸውን አውልቄ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳለብሳቸው «ተመስገን» አሉ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት የውሃና የመድኃኒት ነገር ነው። ሰው የመጨረሻ ቃል አለው ከተባለ የእሳቸው ይህ ነው።

የእንስሳት ጤና ረዳት ነበሩ፤ ሰዉ ግን የፈረስ ሐኪም ይላቸው ነበር። በእኛ አገር ፈረስ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ዳንግላ ጋሪ የሚጎትተውም፣ በበዓል ቀን በጥልፍ ኮርቻ የሚያጌጠውም ሲታመም አንድ ነው። ከግምጃ ቤት ከተማ እስከ አዘና ድረስ ሆዱ የተነፋ ወይም ያነከሰ ፈረስ ሲኖር የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ የማያውቃቸው አልነበረም። በበዓል ቀን እሳቸውም ይጋልቡ ነበር፤ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ ያምርባቸዋል።

ጦርነትን ያውቁታል። በወጣትነታቸው ገበያ ውለው ሲመለሱ ታፍሰው ተወስደው ነበር። ከተመለሱ በኋላ ስለዚያ ጊዜ አላወሩም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። አንድ ነገር ብቻ አስተውያለሁ። እገሌ የሚባል ሽማግሌ ታሞ ሰንብቶ አረፈ ሲባል፣ «አልጋው ላይ? የታደለ!» ይሉ ነበር።

በቀብራቸው ዕለት አገር ወጣ። ሙሾ የሚያወርዱት ሴትዮም መጡ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ እትዬ እላቸዋለሁ። በአገውኛም በአማርኛም ያስለቅሳሉ፤ እሳቸው ያልተጠሩበት ለቅሶ በአካባቢያችን እንደ ለቅሶ አይቆጠርም ነበር። በእኛ ዘንድ አልቃሽ የሙት አፍ ናት። ሙቱ ራሱ ተነሥቶ እንደሚናገር አድርጋ «ፈረሴን» ትላለች፣ «ልጆቼን» ትላለች፤ አንጀት የሚበላው ይኸው ነው። እውነት ሟቹ እንዲህ ብሎ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ያውቀዋላ። እትዬም ለባለቤቴ እንዲህ ብለው አወረዱ፤

ፈረሴን ጫኑልኝ ጋሻዬን አምጡልኝ፣
አልጋ ላይ መሞቱ እጅግ አሳፈረኝ።

ሰዉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ባለቤቴ ይህን ቢሰሙ እንደሚስቁ እያወቅሁ ነው ያለቀስኩት። ግጥሙ አማረና ከለቅሶው በኋላም በሰው አፍ ቀረ፤ በሌላ ለቅሶም፣ በበዓል ቀን ፈረሰኞች መካከልም ሲባል እሰማ ነበር።

ማሟጠጫው ልጄ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር። አባቱ ሲጠናባቸው አዘና እኅቴ ዘንድ ልኬው ነበርና የመጣው በቀብሩ ዕለት ነው። ድንኳኑ ውስጥ በትልልቆቹ ጉልበት መሀል ቆሞ አየሁት። ምን እየሰማ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ስለ ንግግር ጥቂት አውቃለሁ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዳንግላ አንድ መሥሪያ ቤት ጽሕፈት መኪና ላይ ተቀመጥኩ፤ በኋላም በኮምፒውተር ሆነ፤ ጡረታ እስክወጣ ሥራዬ ያ ነበር። ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ሲበዛ፣ በበዓልና በስብሰባ ጊዜ ደግሞ የኃላፊዎችን ንግግር እጽፍ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ኃላፊ ይለወጣል፤ ንግግሩ ግን ብዙም አይለወጥም። አንድ አባባል አስታውሳለሁ፤ አንድነት እንደ ድር ነው፣ ሲተባበር ያስራል የሚል ዓይነት። መጀመሪያ የጻፍኩት በአንድ ጥንታዊ ንጉሥ ስም ነው። ቀጥሎ ኃላፊው ሲለወጥ የአንድ የውጭ አገር አብዮተኛ ቃል ሆነ። በኋላ «ሰፊው ሕዝባችን እንደሚለው» ተባለ። አንድ ቀን ደፍሬ፣ «ጌታዬ፣ ይህን በእርግጥ ያለው ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሰውየው ደግ ሰው ነበር። ከት ብሎ ሳቀ። «አንቺ ምን ቸገረሽ! ‹አባቶቻችን እንዳሉት› ብለሽ ጻፊው። አባቶቻችን ያላሉት ነገር የለም። መጥተው አይከሱሽ!»

ጻፍኩ። እየጻፍኩ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ተናጋሪ ምክንያቱ ሙሉ ሲሆን በራሱ አፍ ይናገራል፤ ምክንያት ሲያጥረው ሙት ይጠራል። ይህን ማወቄ ግን ለምንም አልጠቀመኝም። ስለማንም ሙት ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ የእኔው ሙት እስኪጠራ ድረስ።

ይህ የሆነው ባለቤቴ ከሞቱ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በጦርነት ክረምት ነው። እንጅባራ ክረምት ማለት ዝናብ ማለት ነው፤ ጠዋት ጀምሮ ከሰዓት ያባራል ብለህ ስትጠብቅ ማታም ያው ነው። ሞንታርቦ የጫነ ባጃጅ ሠፈር ለሠፈር እየዞረ ሕዝቡ ሜዳ እንዲወጣ ጠራ። የዕድር ሴቶችም እንድንመጣ ተነገረንና ጃንጥላ ይዘን ወጣን።

ተናጋሪው ወጣት ነበር። አማርኛው ያማረ፣ ድምፁም የማይጮህ። መጀመሪያ ሕዝቡን አመሰገነ፤ ዝናቡን ሳይቀር አመሰገነ። ከዚያ የተሰደብነውን አንድ በአንድ አነሣ። «እነሱ» ይላል፤ እነሱ እነማን እንደሆኑ ግን በቅጡ አይናገርም፤ የቆመው ሰው ሁሉ የየራሱን ጠላት ያስገባበታል። ቀጥሎ «ታዲያ ዝም እንበል ወይ?» አለ። ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ ያለው ሰው ቢኖር እንኳ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ቆሞ አይመልስም። እኔ እጆቼን ነጠላዬ ውስጥ አድርጌ፣ አሁን ሙት ይጠራል ብዬ ጠበቅሁ። ጠራ።

«ከዚህ አፈር የተቀበሩ፣ ሁላችሁም የምታውቋቸው የፈረስ ሐኪም» አለ። ስማቸውንም ጨመረ። «በሞት አልጋ ላይ ሆነው ለልጆቻቸው ምን አሉ? ‹ፈረሴን ጫኑልኝ፣ ጋሻዬን አምጡልኝ› አሉ…»

እዚህ ላይ ቆመ። አንድ ቃል አልጨመረም። ሜዳው ሁሉ በአንድ ድምፅ ጨረሰለት።

«አልጋ ላይ መሞቱ እጅግ አሳፈረኝ!»

የሰማሁትን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ሰው ራሱ የጨረሰውን ቃል ሌላ ሰው ነገረኝ አይልም፤ የራሱ ሐሳብ ይመስለዋል። ያ ወጣት ይህን ያውቃል። ዞር ስል ልጄን አየሁት። ከሱቆቹ በኩል ከጓደኞቹ ጋር ቆሟል። ጓደኞቹ ወደ እሱ ዞረው ትከሻውን ይመቱታል። አፉ እየተንቀሳቀሰ ነበር።

ስብሰባው ሲያበቃ ሰዉን ገፍቼ ተናጋሪው ዘንድ ደረስኩ። እንዲህ ያለ ነገር አድርጌ አላውቅም። «የኔ ልጅ፣ ሚስታቸው ነኝ» አልኩት። «እሳቸው ይህን አላሉም።»

ሁለት እጄን በሁለት እጁ ያዘ። «እናታችን! የጀግና ሚስት!» አለ። ለአጠገቡ ሰው፣ «አንሣን፣ አንሣን» አለው። «አላሉም እኮ ነው የምልህ» ስል ብልጭ አለ። ፎቶው ላይ አፌ ተከፍቷል። ያየው ሰው ሁሉ የምመርቅ መስሎታል።

ልጄ አናጺ ነበር ማለት ይቻላል። የሚሠራው በቀርከሃ ነው፤ ወንበር፣ መደርደሪያ፣ አልጋ። አስፋልቱ ዳር ያቆማቸዋል፤ የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ መኪኖች እየቆሙ ይገዛሉ። ታላላቆቹ ትዳር ይዘው ወጥተው ከእኔ ጋር የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ከሜዳው ስመለስ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ቀርከሃ በገጀራ ይሰነጥቃል።

«ሰማሽ እማ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ሰማሁ።»

«አባዬን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲያነሣው!»

«አባትህ ይህን አላሉም።»

ገጀራው ቆመ። «እንዴት አላለም? ሰምቻለሁ እኮ።»

«ከማን ሰማህ?»

«ቀብሩ ዕለት ነዋ። አዘና ልካችሁኝ አልነበር? ስመጣ አፈር ሊለብስ ነው። አባቴ ምን ብሎ ሞተ ብዬ ልጠይቅ ፈልጌ ነበር፤ ማንን ልጠይቅ? ሁላችሁም ታለቅሳላችሁ። ከዚያ እሱን ሰማሁ። በቃ፣ አባቴ ያለው ይህን ነው ብዬ ያዝኩት።»

ያን ሁሉ ዓመት ይዞት ኖሯል። አብረን በልተናል፣ አብረን አምሽተናል፤ አንድ ቀን አላነሣውም።

«ያ ሙሾ ነው» አልኩት። «እትዬ ናቸው ያወረዱት። አባትህ ያሉት ‹ተመስገን› ነው።»

«ተመስገን?»

«አልጋቸው ላይ ጋደም ሲሉ።»

ፈገግ አለ። ክፉ ፈገግታ አልነበረም። «እማ፣ ዘመቻ እንዳልሄድ ብለሽ ነው አይደል?»

እንዳይሄድ ብዬ ነው። እውነትም ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ እውነቱ ዋጋ እንደሚያጣ ያን ዕለት ተማርኩ። ተናጋሪውን ሰዉ ያመነው ምንም የሚያጣው ነገር ስለሌለው ነው። እኔ የምናገረው ልጄ እንዳይሞት ነበርና ምስክርነቴ የማይታመን ሆነ።

በነጋታው እትዬን ሄጄ ለመንኳቸው። ነገሩን ስነግራቸው መቀነታቸውን እያጠበቁ፣ «የኔን ሙሾ? ለዘመቻ?» ብለው ተነሡ። በባጃጅ አመጣኋቸው። ልጄ ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ ራሱ የሠራውን ወንበር አቀረበላቸው።

«አንተ የፈረስ ሐኪም ልጅ» አሉት። «ያንን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ወደ እናንተ ስመጣ መንገድ ላይ ነው ያሰናዳሁት። አባትህ ሲሞቱ እኔ የት ነበርኩና ነው የሚሉትን የምሰማው?»

«እትዬ፣ መቼም ሳይል አይቀርም…»

«ምን ሳይል አይቀርም ትላለህ! እኔ እኮ ስንቱን ሙት አናግሬያለሁ። ያን ገብጋባ ጎረቤታችሁን ‹ጎተራዬን ክፈቱ፣ ድሃ ጠግቦ ይብላ› አሰኝቼው የለም? ታዲያ ልጆቹ ጎተራ ከፈቱ? አንዲት ቁና ገብስ የቀመሰ ድሃ አለ?»

ልጄ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ትንሽ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ያለፈ መሰለኝ።

«ሙሾ ነው ልጄ፤ ሰው አልቅሶ እንዲወጣለት ነው። ኑዛዜማ ቢሆን በሽማግሌና በንስሐ አባት ፊት እንጂ በእኔ አፍ ይነገራል?»

«ታዲያ ለምን ያንን አሉ? ሌላ ጠፍቶ?»

«አባትህ ፈረሰኛ ናቸዋ! ፈረሰኛ ቤቱ ሲሞት እንዲህ ይባላል። እናቴም ለሌላ ሰው ስትለው ሰምቻለሁ፤ ጋሻውን ነው እኔ የጨመርኩት። አባትህ ጋሻ ይዘው ያውቃሉ? የፈረስ መርፌ እንጂ!»

ልጄ ከጉልበቱ ላይ የቀርከሃውን ፍቅፋቂ አራገፈ። ከዚያ፣ «እሺ፤ አባዬ አላለም» አለ።

ልቤ መለስ አለ። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር።

«አላለም። ግን ትናንት ሜዳው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። እኔም አብሬ ጮኬያለሁ። ዛሬ ልሂድና፣ አባቴ አላለም ብላ እናቴ ነገረችኝ ልበላቸው?»

«አዎ፣ በላቸው!» አሉት እትዬ።

«እትዬ፣ እርስዎ ይተዉት» አለ ቀስ ብሎ። «አባዬ ባይለውም አሁን ተብሏል።»

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። ሲወጡ በሩ ላይ እጄን ይዘው፣ «በለቅሶ ቤት የተባለ ነገር ከለቅሶ ቤት ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም» አሉኝ።

ልጄ ከጓደኞቹ ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ ሄደ። ዝናብ ነበር። የአባቱን ካፖርት ሰጠሁት። ሸራው ሥር ከገባ በኋላ ማንኛው እሱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፤ ሁሉም ኮፍያ አድርገዋል። እጅ የሚያወዛውዘው ሁሉ ልጄ ነው ብዬ ለሁሉም አወዛወዝኩ።

ኔትወርክ አብዛኛውን ጊዜ አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በማላውቀው ስልክ ተደወለ። ድምፁን ስሰማ ከምድጃው አጠገብ ተነሥቼ ግቢ ወጣሁ፤ ግቢው ውስጥ የተሻለ ይሰማል።

«እማ፣ አልጋዎቹ ተሸጡ?»

«ተሸጡ። አንድ ወንበር ቀርቷል።»

«የእኔን እንዳትሸጪው።»

የእሱ አልጋ በመጀመሪያ የሠራው ነው። «ያንንማ ማን ይገዛዋል፣ እግሩ የተንጋደደ!» አልኩት።

ሳቀ። «እሱን ነው የምፈልገው። እዚህ መሬቱ ይበርዳል እማ። አልጋዬን ለማንም እንዳትሰጪብኝ፤ መጥቼ እተኛበታለሁ።»

«አልሰጥም» አልኩ። መስመሩ ተቋርጦ ነበር። መስማቱን አላውቅም።

መርዶው የመጣው ጎሕ ሲቀድ ነው፣ እንደ ልማዱ። በሬን ሲያንኳኩ አልጠየቅሁም። ከሽማግሌዎቹ ኋላ እኅቴን ሳይ ከአዘና በዚህ ሰዓት ለምን እንደመጣች ገባኝ። ስለዚያ ጠዋት ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

አስከሬን አልነበረም። አስከሬን ከሌለ ለቅሶው የሚደረገው በሟቹ ዕቃ ነው። ወጣቶቹ ፈረስ አምጥተው ጃኬቱን ኮርቻው ላይ አደረጉ። ልጄ ፈረስ አልነበረውም፤ ፈረስ የአባቱ ነው። ይህን አይቼ ወደ ውስጥ ገባሁና ለሁለት ጎረቤቶቼ፣ «አልጋውን አውጡልኝ» አልኳቸው። ተያዩ። ለቅሶ ላይ አልጋ አውጥቶ የሚያውቅ የለም። አወጡት። ድንኳኑ መሀል አቆምነው፤ እግሩ የተንጋደደ ስለሆነ ድንጋይ አስደግፈን። ብርድ ልብሱን አነጠፍኩበት።

እትዬ ሲመጡ አልጋውን አይተው ቆሙ። አጠገቤ ተቀምጠው በጆሮዬ፣ «ምን ልበል?» አሉኝ። ያን ሁሉ ዓመት ለማንም እንዲህ ሲሉ አልሰማሁም።

«እሱ ያለውን ይበሉ» አልኩና ነገርኳቸው።

ወደ አልጋው አዩ። «ይኼ ሙሾ አይሆንም እኮ። ቤት አይመታም።»

«አይምታ።»

ቀትር ላይ ባለሥልጣኖቹ መጡ። ያ ወጣት ተናጋሪም አለበት። ጫማውን ጭቃ አልብሶታል፤ እሱም ሳይደክም አልቀረም። የልጄን ፎቶ በትልቅ ሸራ አሳትመው ይዘው መጥተዋል። ሰዉ ዝም እንዲል ተደረገና ተነሥቶ ቆመ።

«ይህ ጀግና» አለ፣ «ሲዘምት ለወላጅ እናቱ ምን አላት? ልክ እንደ አባቱ፣ ‹ፈረሴን ጫኑልኝ፣ ጋሻዬን አምጡልኝ› አላት…»

ዝም አለ። እንደ ሜዳው ጊዜ እንድንጨርስለት ይጠብቃል።

በዚያ ዝምታ ውስጥ እትዬ ተነሡ። ወደ አልጋው ሄደው እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አኖሩ። ድምፃቸውን አላነሡም፤ ዜማም አልነበረውም። ሰው ከሰው ጋር እንደሚነጋገረው አድርገው፣ «አልጋዬን ለማንም እንዳትሰጪብኝ፤ መጥቼ እተኛበታለሁ» አሉ። ቀጥለው ወደ ተናጋሪው ዞሩ። «ለእናቱ ያላት ይህን ነው። ከዚህ ሌላ አላላትም።»

መጀመሪያ ማንም አላለቀሰም። የሚያለቅሱበት ቦታ የጠፋቸው ይመስላሉ፤ ቤት የሚመታ ነገር ሲሆን የት ላይ ደረት እንደሚመታ ይታወቃል። ከዚያ ከሴቶቹ በኩል አንዷ፣ ልጇ አብሮት የሄደ ናት፣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቀጥሎ ሁሉም። ብዙ ለቅሶ አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ አላየሁም።

ወጣቱ ጥቂት ቆመ። የሜዳው ሰው ያን ዕለት አልጨረሰለትም። ከኋላ በኩል አንድ ድምፅ ብቻ «አልጋ ላይ…» ብሎ ጀምሮ ተወው። ተናጋሪው ራሱ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨረሰው፤ የጀመረውን ምን ያድርገው? ከዚያ መጥቶ ጉልበቴን ሳመና «ያጽናዎት» አለኝ። የእናት ልጅ ነው እሱም። «አሜን» አልኩት።

ሸራው መስቀለኛው መንገድ ላይ ተሰቀለ። የልጄ ፎቶ፣ ከሥሩ ሁለቱ ስንኞች፣ ከስንኞቹ ሥር ስሙ። ሥራዬ ስለነበር ዓይኔ ሳልፈልግ አየው፤ ትእምርተ ጥቅሱ በትክክል ተከፍቶ በትክክል ተዘግቷል። እንዲያወርዱት ልለምን ሄጄ ነበር። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ልጅ በትሕትና አነጋገረኝ።

«እማማ፣ ታዲያ ምን እንጻፍበት?»

ነገርኩት። ሊጽፈው ብዕሩን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። «ይኼ… ለሸራ ይሆናል እማማ?»

«ለሸራ አይሆንም» አልኩና ወጣሁ። ሸራውን በኋላ ነፋስና ዝናብ አወረደው።

እትዬ ከዚያ ወዲህ ሙት አያናግሩም። ለቅሶ ይጠራሉ፤ ይሄዳሉ፤ «አንተ» እያሉ ለሟቹ ይናገራሉ እንጂ «እኔ» ብለው በሟቹ አፍ አይገቡም። ሰዉ እትዬ አርጅተዋል፣ ሙሾ ጠፋባቸው ይላል። እኔ ምክንያቱን አውቃለሁ፤ አናነሣውም። ስንገናኝ ስለ ዝናብና ስለ ጉልበት ሕመም እናወራለን።

በቅርቡ ለጡረታዬ ጉዳይ ዳንግላ ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። ሌላ ተናጋሪ ነው፣ ሌላ ድምፅ። ሕዝቡን አመሰገነ። የተሰደብነውን አነሣ። እኔ በመስኮት ለከሰል የሚተከለውን የደከረንስ ዛፍ እያየሁ ጠበቅሁ። መጣ፤ ሁለቱም ስንኝ፣ ሳይጎድል። ከዚያ ይህን ብሏል የተባለውን ሰው ስም ጠራ። የባለቤቴ ስም አይደለም፤ የልጄም አይደለም። ስሙን ሰምቼው የማላውቅ፣ ከሌላ ወረዳ የሆነ ወጣት ነው፤ «ሲሰናበት ለእናቱ እንዲህ አላት» ተባለ።

ሾፌሩ አንገቱን ነቀነቀ። «ወንድ!» አለ።

ቃሉ ከቤታችን ወጥቷል ማለት ነው። ቅልል ይለኛል ብዬ አስብ የነበረው ይህ ቀን ሲመጣ ነበር። ግን የገባበት ቤት ታየኝ። እዚያ አንዲት ሴት አለች፤ ልጇ በእውነት ምን እንዳላት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ስለ በግ ይሆናል፣ ስለ ካልሲ ይሆናል፣ ወይም ስለ አልጋ። ብትናገርም ፎቶ ያነሷታል።

ዳንግላ ሳልደርስ፣ «ወራጅ አለ» አልኩ። ሾፌሩ፣ «እማማ፣ ገና እኮ ነን!» አለኝ። ወረድኩ። ጉዳዬን ትቼ በሚመለስ መኪና ወደ ቤቴ ገባሁ። ያን ዕለት እንደ ዕድል ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ብርድ ልብሱን ከልጄ አልጋ ላይ አንሥቼ አጥሩ ላይ አሰጣሁት። ሲደርቅ መልሼ አነጠፍኩት።